ከድምፅሽ ጀርባ ያለው የስፌት መኪና

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ይቆረጥምሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? የትንሿ እህቴ የሚጢ ጉሮሮስ ዳነላት? አክስቴስ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች? አባዬስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ሌሎቹ «ደህና ነው» ብለሽ እንዳታልፊው፤ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነውና እመለስበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከስተሻል የሚለኝም የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ብደውልልሽ መሀል ላይ ገብተሽ «እኛ ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። የድምፅ መልእክት ብልክልሽ ደግሞ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጠሽ ለቤቱ ሁሉ ታሰሚዋለሽ። ስለዚህ የሚያዋጣኝ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። የምታደርስልሽ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ነርስ ናት፤ ለእረፍት ወደ እናንተ ስለምትመጣ ለምኛት ነው። አብሮ ያለው ትንሽ ሳጥንም ያንቺ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ነው። ርካሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ከርካሾቹ ሁሉ የተመረጠ ነው፤ መራጯም እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር እሸጣለሁ ብዬሽ አልነበር? አሁን ባለሱቋ አንድ ሥራ ጨምረውልኛል። ከአከፋፋዩ በካርቶን የሚመጣውን ኤርፎን ከየዓይነቱ እያወጣሁ አዳምጣለሁ። ጥሩው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ደህናው በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ የማይረባው ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ የመጣው ደንበኛ በገዛ ማግስት እየተመለሰ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ስለሚወረውር ነው። አንዱማ ሰው በሞላበት «እትዬ፣ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» ብሎ ባለሱቋን ጠየቃቸው። እሳቸው ደግሞ ሰው ፊት ማፈር አይወዱም።

መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ በዘፈን ነበር የምሞክረው። ዘፈን ግን ጉድ ይሸፍናል። ከበሮው ዱም ዱም ሲል ሰው «ኃይለኛ ነው!» ብሎ ይገዛና ቤቱ ገብቶ ሲሰማው ዘፋኙ ጋን ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። አከፋፋዩም ይህን ስለሚያውቅ ናሙና ይዞ ሲመጣ ከበሮ የበዛበትን ዘፈን መርጦ ነው። ሌላው ኤርፎን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀጫጭኑን ድምፅ እንደ ፉጨት አድርጎ ጆሮ ይወጋል። የአንዳንዱ ግራው ከቀኙ ይበልጣል። አንዳንዱ ራሱ ምንም ሳይጎድለው ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ለጆሮ አልበቃ እያለች ድምፁ በጎን ይፈስሳል፤ ለእሱ ጎማ ቀይሬ ደግሜ ካላዳመጥኩ አልፈርድበትም። ከዚህ የተነሳ ስሜ ቀርቶ «ጆሮ» ተብያለሁ። «ጆሮ፣ ምሳ ደርሷል» ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሚዛን ያንቺ ድምፅ ነው። አትሳቂ። ጆሮዬ ከማንም አስቀድሞ ያወቀው እሱን ስለሆነ ትንሽ ከተዛባ ወዲያው ይነቃል። ያ ረጅሙ መልእክትሽ ትዝ ይልሻል? ጎረቤታችን መሰላል ተውሳ አልመልስም አለች ብለሽ የተቆጣሽበት? በእሱ ሦስት ነገር አዳምጣለሁ። መጀመሪያ የፊት ጥርስሽ ከወለቀ ወዲህ «መሰላሌን» ስትዪ የምታወጪያትን ትንሽ ፉጨት ነው፤ መጥፎ ኤርፎን ወይ ያጠፋታል ወይ የባቡር ፉጨት ያደርጋታል። ቀጥሎ «ልጄ» ከማለትሽ በፊት የምትስቢውን ትንፋሽ። ሦስተኛውና ከባዱ በግድግዳው ማዶ የሚሰማው የአባዬ የስፌት መኪና ነው። ድምፁ ዝቅ ያለና ሩቅ ስለሆነ መናኛው ኤርፎን ይውጠዋል፣ ወይም የዝንብ ጥዝጥዝታ ያደርገዋል። ጥሩው ግን አባዬ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ጨርቁን ሊያዞር ቆም ሲያደርግ፣ እንደገና ሲያስነሳው አንድ በአንድ ያሰማል። መኪናውን ያሰማኝ ብቻ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አባዬ ሳያውቀው የዚህ ሱቅ ተቆጣጣሪ ሆኖ ከርሟል።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። በቀደም ስልኬ ከእጄ አምልጦ ወድቆ መስታወቱ ረገፈ። የሱቁ ጥግ ላይ ለሚሠራው ሞባይል ጠጋኝ ሰጠሁትና ባለሱቋ ትርፍ ስልክ አዋሱኝ። የመሰላሉ መልእክት ከተሰበረው ስልክ ጋር ቀረ። በዚያው ሰሞን ትልቅ ካርቶን መጣ። በተዋስኩት ስልክ ያለኝ ያንቺ ድምፅ በዚያው ሳምንት የላክሽልኝ ብቻ ነበር፤ «እኛ ደህና ነን፣ አባትሽም እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ነው» ያልሽበት። ያው ያንቺ ድምፅ ነው ብዬ በእሱ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ኤርፎን ፉጨትሽን አሰማኝ፣ ትንፋሽሽን አሰማኝ፣ መኪናው ግን የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጎማ ቀየርኩ፣ ጆሮዬን ጠረግኩ፣ የመንገዱ ጫጫታ ይሆናል ብዬ በሩን ዘጋሁ። ምንም። ካርቶኑን እስከ ታች ብፈትሸው መኪናውን የሚያሰማ አንድ እንኳን አጣሁ። ባለሱቋን «እነዚህ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፣ ሁሉም ይመለሱ» አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ አከፋፋዩ ጋ ደውለው አፋቸው ያመጣላቸውን ሁሉ ተናገሩት።

አከፋፋዩ እየበረረ መጣ። እዚያው ቆሜ እየሰማሁት ለባለሱቋ «ይቺ ልጅ ጆሮዋን ትመርመር» አላቸው። እኔም ዝም አልል ብዬ «እሺ የኔ ታሟል፣ ባንተ እንስማው» ብዬ ኤርፎኑን ሰጠሁት። አዳመጠና «ሴትዮዋ ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። «ከኋላዋ የስፌት መኪና አለ፣ እሱ የታለ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን ረጋ ብሎ «እህቴ፣ የሌለ መኪና ከየት አምጥቼ ላሰማሽ?» አለኝ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ጠጋኙ ብቻ አልሳቀም፤ መስታወቱን ቀይሮ የጨረሰውን ስልኬን በባንኮኒው ላይ ገፋ አድርጎልኝ «በድሮው መልእክት ሞክሪያቸው» አለኝ። መሰላሉን ከፈትኩት። መኪናው አለ። ሌላ ኤርፎን አነሳሁ፤ አለ። ከጣልኳቸው ውስጥ እያነሳሁ ሰማሁ፤ በአብዛኞቹ ላይ አለ። ኤርፎኖቹ ምንም አልሆኑም ነበር።

የምገባበት ጠፋኝ። አከፋፋዩን እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሰውዬው ቂም አያውቅም፣ «ግድ የለም፣ ከእንግዲህ ዕቃ ሳመጣ መኪናውንም ተሸክሜ እመጣለሁ» ብሎ ቀልዶብኝ ሄደ። ባለሱቋ ግን «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለው ተረቱብኝ፤ እስከ ማታም አኮረፉኝ። ይገባኛል። እኔን ግን ከኀፍረቱ በላይ የከነከነኝ የአከፋፋዩ ቃል ነው፤ የሌለ መኪና ያለው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ በዚሁ በላክሁልሽ ኤርፎን ከመሰላሉ ወዲህ የላክሽልኝን ሁሉ በተራ ሰማሁ። ድሮ በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ዕቃ እየደረደርኩ ስለምሰማሽ አንቺ የምትዪውን እንጂ ከኋላሽ ያለውን ልብ ብዬ አላውቅም። መጀመሪያ መኪናው እንደ ልማዱ ይሠራል። እየቆየ ይቆራረጣል። ስለ ሚጢ የትምህርት ቤት ጫማ በምታወሪኝ መልእክት ላይ አባዬ በግድግዳው ማዶ «ሚጢ፣ ነይ እስቲ ይህን ክር አስገቢልኝ» ይላል። ያ መብራት ጠፍቶ እንኳን ወሬውን ሳያቋርጥ ክር የሚያስገባው አባዬ! በሌላው ላይ «ስፌቱ ጠመመብኝ፣ እባክሽ ፍቺው» ይላል። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚባል የለም። በመጨረሻው ደግሞ «አባትሽ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ነው» ስትዪ አጠገብሽ ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ ጉሮሮም ይጠረጋል። የአባዬን ጉሮሮ አጠራረግ አጥቼው ነው እማዬ? ሥራ ላይ ነው ያልሽኝን ሰው አጠገብሽ አስቀምጠሽ ነው የዋሸሽኝ!

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር ምድሩ ጆሮ እያለ የሚጠራኝ እኔ የገዛ ቤቴን ነገር ከሁሉ በኋላ ሰማሁ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ተናደድኩም። አሁን በርዶልኛል። ለምን እንደ ደበቃችሁኝ አላጣሁትም፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላችሁ ነው። አባዬም ዓይኔ ደከመ ከሚል ሞት ይቀለዋል። ጥዬ አልመጣም፣ በዚህ አትስጊ። እኔ የምለምንሽ ለዓይን ሐኪም አሳዩት ነው። የጠጋኙ እናት እንዲሁ ሲደናበሩ ከርመው የዓይን ሞራ ነው ተብሎ ተገፎላቸው ዛሬ ምስር ራሳቸው ይለቅማሉ። የአባዬ ሞራ ይሁን፣ መነጽር የሚበቃው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በኤርፎን አላውቀውም። ብቻ ሆድ ይፍጀው ብላችሁ ከተቀመጣችሁ የሚድነውም የማይድን እንዳይሆን እፈራለሁ። ሌላ የምፈራው ነገር የለም።

አንቺን ብቻ ከስሼ እንዳልቀር የኔንም ልንገርሽ። ክፍሌ ጸጥ ያለች ናት ብዬሽ ነበር። ኤርፎኑን አድርጊና ያለፈውን መልእክቴን ስሚው። ከኋላዬ የሚያጓራው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ የምኖረው የሕንፃው ሰው ሁሉ ከሚያጥብበት ክፍል አጠገብ ነው። እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ግድግዳው ግን ይሞቃል። ይኸው እኔ ተናዘዝኩ፤ ተራው ያንቺ ነው።

ኤርፎኑን ስታስገቢ ጆሮሽን ወደ ላይ ሳብ አድርጊው እንጂ በግድ አትግፊው። ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ጎማዎች አሉ፤ ትንሿ ለሚጢ ትሆናለች። ደግሞ እኔን ደስ ለማሰኘት ብላችሁ ሚጢን መኪናው ላይ አስቀምጣችሁ ፔዳል እንዳታስረግጧት። እሷ ስትረግጥ ሌባ እንደሚያባርር ሰው ነው፤ የአባዬን እግር ለይቼ አውቀዋለሁ።

ሚጢን ጉንጯን ሳሚልኝ። ክር ስላስገባችለት አመስግኛታለሁ፣ ምስጢር ስለ ጠበቀችብኝ ግን ስመጣ ጆሮዋን እቆነጥጣለሁ። አክስቴን ናፍቀሽኛል ብላለች በያት። የመሰላሏን ጎረቤታችንንም ሳትረሺ ሰላም በያት፤ እሷ ባታናድድሽ ኖሮ ያን መልእክት መች አገኘው ነበር? መሰላሉንስ መለሰች?

ለአባዬ ይህን ደብዳቤ አንቺ ራስሽ አንብቢለት። ከዚያ ስልኩን ስጪውና ብቻውን ተዪው፣ በገዛ አፉ ይናገረኝ። ሥራ ላይ ነኝ አይበለኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ መርፌው አልታይህ ብሎኛል ይበለኝ። እዚህ ሆኜ ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ።

ልጅሽ
ከማጠቢያው አጠገብ ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር ፲፬ ቀን