ለለቅሶ ተተክሎ ምሳ ስለተበላበት ድንኳን

ሐምሌ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.
ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ

ለክቡር የምዕራብ አፍሪካ ማዕድንና ሰላም ዓለም አቀፍ አማካሪ ጉባኤ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተላከልን ምስጋና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በግንቦት ወር በሰፈራችን የተመገቡት የበግ ጥብስም ያለ አንዳች ጉዳት የተዋሐደዎ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። እኛ፣ ዝናቡ ከመክበዱና መንገዳችን ከመጨቅየቱ በቀር፣ ደህና ነን። እኔ እንድሪስ ሃይደር እባላለሁ። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግልም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ክብርዎን ለመድፈር አይደለም። በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ገና በመታየት ላይ መሆናቸው ስለተነገረኝ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለማየት ዓይንዎ እንዳይደክም ብዬ ነው።

በቅድሚያ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤያችሁ ደርሶናል። በአምስተኛው ስብሰባችሁ የምሳ ግብዣ ላይ «የአካባቢው የባህል ቡድን ያቀረበው ልብ የሚነካ ትርኢት» ጉባኤውን እጅግ እንዳስደሰተው ገልጻችሁ፣ በመስከረም በሚደረገው ስድስተኛው ስብሰባ ላይም ቡድኑ እንዲገኝ ጋብዛችኋል። ክቡር ሆይ፣ እኛ የባህል ቡድን የለንም። ያያችሁት ለቅሶ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቁጥር አስቀምጬ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ፤ ጉባኤያችሁ ቁጥር እንደሚወድ ሰምቻለሁ።

1ኛ/ ስለ ድንኳኑ። ስብሰባችሁ የተደረገበት የሰፈራችን ሆቴል ሠራተኛ ወደ እኛ የመጣው ግንቦት ሰባት ቀን ነው። ዝናብ ስላሰጋ እንግዶች በግቢው ውስጥ የሚጠለሉበት ድንኳን ፈልጎ ኖሯል። የእድራችን ዳኛ አቶ ገረመው ሃያ ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ማስረጃ ሳያዩ ሰላምታ እንኳ የማይመልሱ ሰው ናቸው። በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ድንኳኑ ለሐዘን እንጂ ለድግስ ስለማይወጣ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ሠራተኛውን ጠየቁት። እሱም ግራ ገብቶት፣ ስብሰባው ስለ ሴራሊዮን ጦርነት መሆኑንና እዚያም ብዙ ሰው መሞቱን ነገራቸው። ስንት ቢሉት፣ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም አላቸው። አቶ ገረመው ቁጥሩ ለማይታወቅ ሙት ያልወጣ ድንኳን ለማን ሊወጣ ነው ብለው ፈረሙ። በመዝገቡ ላይ «የሟች ስም» የሚለውን ቦታ፣ ባለጉዳዮቹ ሲመጡ ይሞሉታል ብለን ባዶ ተውነው። ስሕተቱ የእኛ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ስላለቀበት ነገር ከየአገሩ የተሰበሰቡ ትልልቅ ሰዎች፣ ድንኳን የሚፈልጉት ለምሳ ነው ብለን አላሰብንም።

2ኛ/ ስለ ጥሩምባው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ደጀኔ ድንኳኑ ጋሪ ላይ ሲጫን አየ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ይህ ድንኳን ተጭኖ ሰው ያልተለቀሰበትን ቀን አያውቅም። ስለዚህ የት አገር ሰው እንደሆነ ብቻ ጠይቆ፣ በማግስቱ ማለዳ በየጉራንጉሩ እየዞረ፣ የሴራሊዮን ሰው እንደሞተ፣ ለቅሶውም በሆቴሉ ግቢ እንደሆነ፣ ቀሪም እንደሚቀጣ ለፈፈ። ሰፈሩም እንዳለ ወጣ። የጋራዥ ሠራተኞች እጃቸውን በነዳጅ ታጥበው መጡ። ድሮ ጎረቤታችን የነበሩ፣ አሁን ገርጂ የገቡ ሰውዬ እንኳ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ደረሱ። እኛ የሟችን ስም ሳናውቅም ለቅሶ እንደርሳለን፤ ስሙን እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ቀስ ብለን እንጠይቃለን። ያን ዕለትም ጠየቅን። አጠገባችን የተቀመጣችሁት ግን እናንተ ነበራችሁ።

3ኛ/ ስለ አቀባበላችሁ ያለንን ልባዊ አድናቆት እንገልጻለን። ሴቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ሲገቡ፣ እንግዶቻችሁ ከወንበር ተነሥተው አጨበጨቡ። ሁለቱ ፎቶ አነሡ። የሰማንያ ዓመቱ አባቴ ሼህ ሃይደር ለዱዓ መዳፋቸውን ቢዘረጉ፣ አንድ ደግ እንግዳ ሳምቡሳ አስቀመጠባቸው። አባቴ በዕድሜያቸው ሰው አሳፍረው ስለማያውቁ፣ ሳምቡሳውን እንደያዙ ዱዓቸውን ጨረሱ። ወይዘሮ እንቁ ደግሞ፣ የሐዘኑ ባለቤት እርስዎ መስለዋቸው እጅዎን ይዘው «እግዜር ያጥናዎት» ሲሉ፣ እርስዎ በሚያውቋት አንዲት አማርኛ «በጣም ቆንጆ» ብለዋቸዋል። ቋንቋችንን ለመማር ስላደረጉት ጥረት ሰፈሩ ባለዕዳዎ ነው።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። እኛም ስቀንበታል። ከዚህ በታች ያለውን ግን እስካሁን የሳቀበት ሰው አላገኘሁም።

4ኛ/ ስለ ሀጀር። ሀጀር የሴራሊዮን ሴት ናት፤ አልማዝ ከሚወጣበት ከኮኖ። በ1983 መግቢያ ላይ ለስድስት ወር የልብስ ስፌት ሥልጠና አዲስ አበባ መጣች። ባሏ አስቀድሞ ሞቶባት ስለነበር፣ የአራት ዓመት ልጇን ዘኪያን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ሥልጠናው ሳያልቅ ጦርነቱ ተነሣ፤ ስድስቱ ወር ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከእናቷ የመጨረሻ ደብዳቤ የደረሳት በ1985 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጦሩ አልማዙ ጋ ሳይደርስ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አሁን ወይዘሮ እንቁ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። በየዓመቱ ለዒድ ለዘኪያ አንድ ቀሚስ ትሰፋላታለች። ቁመቷን ስለማታውቅ፣ የሰፈሩን የዘኪያ እኩያ ጠርታ በእሷ ትለካለች። እስካሁን አምስት ቀሚስ ተሰፍቷል፤ አራቱ ለዘኪያ ጠበው ይሆናል።

ሀጀር በእኛ መካከል ስትኖር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ተምራለች። እኛ ዘንድ የሩቅ ሞት በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ባለቤቱ ከሁሉም በኋላ ይሰማል። ያን ማለዳ ወይዘሮ እንቁ ከደጀኔ ልፈፋ ውስጥ ሴራሊዮን የሚለውን ሲሰሙ ክው አሉ። መርዶው የሀጀር ከሆነ በወጉ ይነገራት ብለው፣ ምንም እንዳትሰማ ውሃ የሚያመጣ ሰው ልኬአለሁ፣ ተቀበይልኝ በሚል ሰበብ ክፍሏ ውስጥ አቆይተዋት ሄዱ። ሀጀር ግን በመስኮት ጎረቤቶቿ ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ከእሷ ዓይን እየሸሹ ሲያልፉ አየች። ነገሩ ገባት። ማናችንም ሳንጠራት መጣች።

እርስዎ በዚያን ጊዜ ስለ ማዕድን ሀብት ፍትሐዊ አጠቃቀም ንግግር ያደርጉ ነበር። ሀጀር መሐረቧ ከራሷ ወልቆ ፊትዎ ቆመችና፣ በትምህርት ቤት በተማረችው እንግሊዝኛ ጠየቀችዎ። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

«የማን ነው? የእናቴ ነው ወይስ የልጄ?»

እርስዎ ወረቀትዎን አገላበጡ። ከዚያም ከአጠገብዎ ከተቀመጡት ሰው ጋር ተመካክረው፣ ጉባኤው የግለሰቦችን ጉዳይ እንደማይመለከት፣ በሁኔታው ግን በጥልቅ እንደሚያዝን በትሕትና አስረዷት። እሷም እንዲህ ከሆነ ልጄ በሕይወት አለች ማለት ነው ወይ አለችዎ። ከኋላ የተቀመጡት ነገሩ ስላልተሰማቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ኬክ መጣ። እኔ በዚያ ድንኳን ውስጥ የወንድሜን መርዶ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አልመረረኝም።

5ኛ/ ስለ መንገድ። በምሳው ላይ በክብር መቀመጫ፣ ደረታቸው ላይ «ታዛቢ» የሚል ካርድ ያንጠለጠሉ የአልማዝ ድንጋይ ነጋዴዎች ነበሩ። እኔም ዕቃ አስመጪ ነኝና ነጋዴ ከነጋዴ አይተፋፈርም ብዬ፣ ከኮኖ የወጣ አልማዝ ገበያ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ አንዱን ጠየቅሁት። ደስ ብሎት፣ ጦርነት ኖረም አልኖረ ከአሥር ቀን እንደማይበልጥ ነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከወደብ አንድ ፍሬን ሸራ ለማስመጣት ሁለት ወር ቆሜ ጠብቄአለሁ። በአሥር ቀን ድንጋይ የሚወጣበት መንገድ ለአንዲት አሮጊት ደብዳቤ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይከፈት ሲቀር ግን ይህ የመንገድ ችግር አይደለም። ጠመንጃው የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ገዢውም፣ አሻጋሪውም፣ ከዚህ ንግድ ቀረጥ የሚበላው መንግሥት ተወካይም ያን ዕለት በእኛ ድንኳን ሥር አብረው ይጎርሱ ነበር። ከጦርነቱ ባለቤቶች መካከል የጠፉት ሟቾቹ ብቻ ነበሩ።

ይህን ድንጋይ ደሙ ሳይደርቅ አንገዛም የምትል አንዲት መስመር ለመጻፍ የጎደላችሁ ሰው አልነበረም፤ የሚሸጡትም የሚገዙትም እዚያው ነበሩ፤ እስክርቢቶም ሆቴሉ በነጻ አድሏል። እናንተ ግን ሦስት ቀን መክራችሁ፣ ነገሩ «ጦርነት» ይባል ወይስ «ግጭት» በሚለው ላይ ስላልተስማማችሁ ለመስከረም ቀጠራችሁት፤ እስከዚያው «በጥልቅ ስጋት እንከታተላለን» ብላችሁ። እኛ የወሎ ሰዎች የዓለምን ስጋት በ77 አውቀነዋል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ስንዴም መጥቷል፤ ግን ሁለት እህቶቼ ከተቀበሩ በኋላ ነው የመጣው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላል የአገራችን ሰው። እናንተ ዘንድ የገደደው እንባ ብቻ አይመስለኝም።

የእድራችንን ውሳኔ ደግሞ ላሳውቅዎ። ድንኳኑን በሦስተኛው ቀን ነቀልነው፤ የሟች ስም ያልተጻፈለት ለቅሶ በመዝገባችን የመጀመሪያው ሆነ። ሀጀር ማልቀስም መተውም አቅቷት ነበር። ሞታለች ያላት የለም፣ አለች ያላት የለም። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን፤ የእኛ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ለመወሰን ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሀጀር የእድሩ አባል ሆነች። በደንባችን በአባል ቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው። አቶ ገረመው፣ ማስረጃ ሳያዩ ሰላምታ የማይመልሱት አቶ ገረመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ዘኪያ፣ ዕድሜ አሥር» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከሥርም ፈረሙ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እናንተ ሌላ ካላሳወቃችሁን በስተቀር ዘኪያ በወሎ ሰፈር እድር መዝገብ በሕይወት ትኖራለች። ይህን ለማረጋገጥ ወይም ለማፍረስ ከዚያ አገር አልማዝ ከሚያወጡት ወዳጆችዎ አንዱ፣ በአሥር ቀኑ መንገድ ላይ ሳለ፣ የአንዲት አሮጊትን በር ቢያንኳኳ በቂ ነው። ከድንጋይ ብዙም የማይከብድ ወሬ ነው የምንለምነው።

ጊዜዎን ስለሠዉልን፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሳምቡሳውም ጭምር ከወገባችን ዝቅ ብለን እያመሰገንን፣ ወንበርዎ እንዲረጋ፣ ቤትዎ እንዲሞላ፣ ልጆችዎም ዓይንዎ እያያቸው እንዲያድጉ እንመኛለን።

የክብርዎ ትሑት አገልጋይ
እንድሪስ ሃይደር
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ገረመው፣ ለመዝገብ እንዲያያዝ
ለጥሩምባ ነፊ ለደጀኔ፣ ከእንግዲህ ጠይቆ እንዲነፋ
ለወይዘሮ ሀጀር፣ እንድታውቀው

ሳልረሳው፦ የመስከረሙን ግብዣችሁን በደስታ ተቀብለናል። የባህል ቡድናችን በሰዓቱ ይገኛል። ሴቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ አባቴም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ሀጀርን ከፊት እናስቀድማታለን። እሷ የምታቀርበው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ እርስዎም ሰምተዋታል። እስከዚያ ሁለት ወር ከምናምን ስላለ፣ እባክዎ መልሱን ይለማመዱ።