አቶ ዮሺታካ ኩሳኖ የቀደዱት ወረቀት

አቶ ዮሺታካ ኩሳኖ ከአባታቸው ከአቶ ያሱኪቺ ኩሳኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶሜ፣ በፉኩሺማ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በካሞሃማ የዓሣ አጥማጆች መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1953 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቃቸው ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ጌንፔይ ሲሆኑ፣ ታናሽ እህታቸው ደግሞ ይህን ጽፌ የማነብላችሁ እኔ ፉሚኤ ነኝ። ድምፄ ጎርናና ነው፤ ታገሡኝ።

የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን ተከታትለው በ1968 የዓሣ ሥራ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1971ም በጀልባ ሞተር ጥገና ተመረቁ። የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት «ጸጥተኛና ታዛዥ» ይላል። ጸጥተኛስ ነበሩ። ታዛዥነትን እንደ ምስጋና የጻፈላቸውን መምህር ግን ባገኘው፣ ዛሬ እዚህ አስቁሜ አንድ ሁለት ነገር እነግረው ነበር።

ከተመረቁ በኋላ በአባታችን፣ ኋላም በጋሼ ጌንፔይ ጀልባ ላይ ሞተረኛ ሆነው አርባ ዓመት ሠሩ። በ1980 ከወይዘሮ ሂሳኤ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1983 ልጃቸውን ማዮን ወለዱ። በጀልባዋ ላይ ጋሼ ጌንፔይ መሪውን ሲይዙ፣ እሳቸው ከታች ሞተሩ ዘንድ ነበሩ። የጀልባዋን ማዘንበል በእግራቸው ያውቁታል። «ጋሼ፣ በግራ ሁለት ሣጥን በዝቷል!» ብለው ከታች ይጮኻሉ። «አንተ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ ምን አየህ!» ይሏቸዋል ጋሼ ጌንፔይ። ወደብ ገብተው ሲቆጥሩ በግራ በኩል ሁለት ሣጥን በዝቶ ይገኛል። ይህን ያህል የሚተማመኑ ወንድማማቾች በካሞሃማ አልነበሩም።

ማርች 11 ቀን 2011 መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ወጣ። ጋሼ ጌንፔይ ጀልባዋን ለማትረፍ ማዕበሉን ፊት ለፊት ሊጋፈጡ ወደ ጥልቁ ሲነዱ፣ አቶ ዮሺታካ እናታችንን አዝለው ወደ ቤተ መቅደሱ ኮረብታ ሮጡ። ጀልባዋ ተረፈች፤ እናታችንም ተረፉ። ቀጥሎ ግን የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ተጎዳና የተረፈው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ማስገር ተከለከለ። መንደራችንን ለቀን እንድንወጣ ተደረገ። እናታችን በሁለተኛው ክረምት በጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ፣ የጎረቤቱ ሳል በሚሰማበት ስስ ግድግዳ አጠገብ አረፉ።

በ2012 አቶ ዮሺታካ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያው በተጎዳው ጣቢያ፣ በአንድ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ስር ተቀጠሩ። ወይዘሮ ሂሳኤ ስታለቅስባቸው፣ «ባሕራችንን ያበላሸው ያ ውሃ ነው። ባሕሩን ለማያውቁ ሰዎች ልተውላቸው?» አሏት። ሥራው ይህ ነበር፦ የቀለጠው የኑክሌር ነዳጅ ያለማቋረጥ ውሃ ካልፈሰሰበት ይግላል። የፈሰሰበት ውሃ ተበክሎ ይወጣል፤ ከኮረብታው የሚሰርገው የከርሰ ምድር ውሃም እየተቀላቀለ ያበዛዋል። ከተጣራው ገሚሱ ተመልሶ ያቀዘቅዛል፣ የቀረው በታንከር ይጠራቀማል። ታንከር ሲሞላ ሌላ ታንከር ይተከላል፤ ጫካው ተመንጥሮ የታንከር ሰፈር ሆነ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲባል የሰማችሁ ሁሉ፣ ወንድሜ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር ድረስ የሠሩት እሱን ነው። ነጭ ቱታ፣ ሙሉ ጭምብል፣ ሦስት ድርብ ጓንት አድርገው፣ ጨረር ሲበዛ የሚጮኽ መሣሪያ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው።

እሳቸው የተመደቡበት ረድፍ አምስት ታንከሮች በቧንቧ ተያይዘው ወደ ባሕሩ ትንሽ ባዘነበለ መሬት ላይ የቆሙበት ነበር። የውሃውን ልክ የሚያሳየው ጠቋሚ የተገጠመው ከላይ ባለው ታንከር ላይ ብቻ ነው። ባልደረቦቻቸው «ካፒቴን፣ ይሄ እኮ ጀልባ አይደለም፣ አያዘነብልም» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «ቆይ፣ ቦት ጫማህ ውስጥ ያለው ላብ ተረከዝህ ጋ ነው ጣትህ ጋ የተጠራቀመው?» ይሏቸው ነበር። ሁሉም ይስቃሉ። የተያያዙ ታንከሮች ውስጥ ውሃው እኩል እንደሚሆን፣ መሬቱ ዝቅ ያለበት ታንከር ግን ቀድሞ እንደሚሞላ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ታንከሮቹን የተከሉት ሰዎች ግን የተማሩ ነበሩ።

በዚያ ሥራ ቦታ አንድ ልማድ አለ። እያንዳንዱ ቡድን ጠዋት ሥራ ሳይጀምር የዕለቱን አደጋና መከላከያውን በአንድ ገጽ ይጽፋል። ከዚያ ሁሉም ክብ ሠርተው፣ ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ቀስረው፣ ጮክ ብለው አንብበው «እሺ!» ይሉና ይፈርማሉ። የሚጽፈው ሰው በየተራ ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 2014 ተራው የአቶ ዮሺታካ ነበር። ማታ ከባድ ዝናብና ነፋስ ይመጣል ተብሏል። በታንከሮቹ ዙሪያ ያለው ክትር ከሰሞኑ ዝናብ ሊሞላ ስለደረሰ፣ በውስጡ የተጠራቀመው የተበከለ ውሃ ወደ ታንከሮቹ ተስቦ ክትሩ ባዶ እንዲደረግ ታዘዘ። አቶ ዮሺታካ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ጠቋሚው መሙላቱን ሳያሳይ የታችኛው ታንከር ይፈስሳል። የታችኛው ታንከር አናት ላይ ሰው ወጥቶ ይመልከት።»

የቡድኑ አለቃ አቶ ሱጌኖ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ወረቀቱን አይቶ ወደ ጎን ወሰዳቸው። «አቶ ኩሳኖ፣ እንዲህ ከተጻፈ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ስብሰባ ይጠራሉ፣ ሥራውም ይቆማል። ዝናቡ ደርሶ ክትሩ ሞልቶ ቢፈስስስ? እሱም መፍሰስ ነው። እባክዎ የተለመደውን ይጻፉልኝ። ቁልቁለቱ ያዳልጣል ይበሉ።»

«ታችኛው ላይ ግን ሰው ይወጣል?» አሉት።

«ይወጣል። ቃሌ ነው።»

ወንድሜ ወረቀቱን ቀደዱት። እጃቸውን ይዞ ያስቀደዳቸው ማንም የለም። በአዲስ ገጽ ላይ «ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ ተጠንቅቀን እንራመዳለን» ብለው ጻፉ፣ ጣታቸውን ቀሰሩ፣ «እሺ!» አሉ፣ ፈረሙ። ከዚያ ሄደው ውሃውን ወደ ታንከሮቹ የሚያስገባውን ቫልቭ ከፈቱ።

ወደ ታችኛው ታንከር የተላከው ሰው ገና መሰላሉን ሳይጨርስ የጨረር መሣሪያው ጮኸበትና ወርዶ ከአካባቢው እንዲርቅ ተደረገ። የተካው ሰው አልነበረም። ለወንድሜ የነገራቸውም አልነበረም። እሳቸው ከላይኛው ታንከር ሥር ቆመው፣ ሰውየው ጮኾ እስኪያስቆማቸው ይጠብቁ ነበር። በዚያ ጭምብል ውስጥ ደግሞ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ነው። ጠቋሚው ገና አልሞላም እያለ የታችኛው ታንከር ውሃ ከክዳኑ ሥር ወጥቶ፣ ክትሩን ተሻግሮ በውጭ ባለው ቦይ በኩል ባሕር ገባ። ሦስት በርሜል የሚሞላ ነው ተባለ። ባሕሩ ሲለካ ለውጥ አልታየም ተባለ። ይህን የሰማ ዓሣ ገዢ ግን አልነበረም።

ጋሼ ጌንፔይና ጓደኞቻቸው ለሙከራ ማስገር የጀመሩት በዚያው ወቅት ነው። ዜናው በተነገረ በማግሥቱ፣ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለ አርባ ሣጥን ዓሣ በሄደበት መኪና ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ የጣቢያው ኩባንያ ሪፖርት ወጣ። ምክንያቱ «የአንድ ሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ስም አልጻፉም፤ በካሞሃማ ሰዎች ዘንድ ስም መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

ያን ቀን ጋሼ ጌንፔይ ወደ መጠለያው መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሻይ ለመቅዳት እንኳ አልደረስሁም።

«አንተ ነህ?»

«ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» ከዚያ ስለ መጀመሪያው ወረቀት ነገሯቸው። እኔ የዋኋ፣ አሁን ይረዷቸዋል ብዬ አሰብሁ።

«ታዲያ አውቀህ ነዋ! ባታውቅ ይሻልህ ነበር። አላወቅሁም ያለ ይቅር ይባላል። አንተ አውቀህ፣ ጽፈህ፣ ቀደህ ነው የከፈትከው» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አልተነጋገሩም። ጋሼ ጌንፔይ ያሉት ውሸት አልነበረም፤ የከፋውም እሱ ነው።

አቶ ዮሺታካ በዚያው ወር ሥራቸውን አጥተው፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሣር ማጨጃ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። በየዓመቱ በኦክቶበር ለኩባንያው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ካሣ አልጠየቁም፣ ከጥፋቱ አውጡኝም አላሉም። «ቫልቩን የከፈተው ሠራተኛ አደጋውን በዕለቱ ጠዋት አሳውቆ ነበር» የሚል አንድ መስመር በሪፖርቱ ላይ እንዲጨመር ብቻ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ መልስ መጣ፣ ዘጠኙም አንድ ዓይነት፦ «በዕለቱ ወረቀት ላይ የተመዘገበው አደጋ የቁልቁለቱ ማዳለጥ ነው።» አቶ ሱጌኖ እንዲመሰክርላቸው እኔ ራሴ ቤቱ ሄጃለሁ። በሩ ላይ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ «አላስታውስም» አለኝ። ልዞር ስል «እኔም ልጆች አሉኝ፣ እህቴ» አለ። የማያስታውስ ሰው ልጆቹን ምን አስጠራው?

በ2023 የተጣራው ውሃ ወደ ባሕር መለቀቅ ሲጀምር እኔ በንዴት ቤቱን አጋልኩት። «ይኸው በፈቃድ እያፈሰሱ ነው! በሦስት በርሜል እርስዎን ጥፋተኛ ያሉት ሰዎች!» አልኳቸው። «የእኔው አልተጣራም ነበር፣ ፉሚ። አትቀላቅይው» ብለው ቴሌቪዥኑን ዘጉት። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጥንቃቄ ጎደለው የተባለው።

በ2024 መጀመሪያ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ከጨረሩ ነው ያለ ሐኪም የለም፤ አይደለም ያለም የለም። በኦክቶበር እጃቸው ብዕር መያዝ ስላቃተው አሥረኛውን ደብዳቤ እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍሁ። በዚያው ሰሞን ጋሼ ጌንፔይ ሆስፒታል መጥተው ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ አንድ ሰዓት ተቀምጠው፣ ክፍሉ ሳይገቡ ሄዱ። ለአቶ ዮሺታካ ነገርኳቸው። «በየት በኩል ነው የተቀመጡት?» ብለው ጠየቁኝ። «በበሩ በግራ» ስላቸው ራሳቸውን ወደዚያ አዞሩ። ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። የአሥረኛው ደብዳቤ መልስ አልደረሰም።

ትናንት ጠዋት ይህን ጽሑፍ ለጋሼ ጌንፔይ አነበብሁላቸው። እያለቀሱ ሰሙኝ። ሲያበቃም «ፉሚ፣ መቅደዱን ከጽሑፉ አውጪው» አሉኝ። «ስለ ኩባንያው የፈለግሽውን በይ። እሱን ብቻ አውጪ። ሞቶም ልታሳፍሪው ነው?»

«አሥር ዓመት ዝም ያሉት በዚሁ አይደለም እንዴ?»

«እሱ በእኔና በእሱ መሀል ነው። አሁን ሰው ሊሰማው ነው። ለባሕሩ ሲደክም የኖረ ብለሽ ዝጊው፤ ያምራል።»

ያምራል። ብዕሬን አንሥቼ ያን ክፍል መሰረዝ ጀመርሁ። ማተሚያ ቤቱ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው ያለን፤ ጋሼ ሽማግሌ ናቸው፤ የለመኑኝም በፍቅር ነው፤ ደግሞ ምን አላት፣ ሦስት መስመር ናት። ለካ እንዲህ ነው የሚደረገው። ወንድሜ ወረቀቱን የቀደዱት ፈሪ ስለነበሩ ነው ብዬ አሥር ዓመት በሆዴ ስቆጣቸው ኖሬያለሁ፤ አሁን በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያም የሰረዝሁትን መልሼ ጻፍሁት። ጋሼ ጌንፔይ፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ ዮሺታካ ኩሳኖ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሂሳኤን፣ ልጃቸውን ማዮን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እንደ ቡድሃ እምነታችን የሙት ነፍስ በምትጓዝበት አርባ ዘጠኝ ቀን የሚጠይቃቸው ዳኛ ሁለቱንም ወረቀት ያንብብ። ነፍሳቸው ከዚያ በኋላ ትረፍ፤ ለእኛም እንባችንን የሚያብስ ይስጠን።

ይህ የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ እንደተጻፈው ተነብቧል።