«እቴ ይቅርብህ»፦ ሕሙማንን ከሲጋራ ያላቀቁ ነርስ የሕይወት ታሪክ

በሕሙማኑ ዘንድ «እቴ ይቅርብህ» በሚል ስም የሚታወቁት አክስታችን፣ ከባቡር ትኬት ሻጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. በጣቢያው ሠራተኞች መኖሪያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በነርስነት ሠልጥነው በ1962 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት በአእምሮ ሆስፒታል ተቀጥረው ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ እዚያው አገለገሉ። ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አልወለዱም። ምክንያቱን እናውቃለን የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ ወሬያቸው ግን አይገጥምም።

በዚያ ዘመን መድኃኒቱን በሰላም ለዋጠ ሕመምተኛ ሲጋራ ይሰጠው፣ የረበሸ ደግሞ ይከለከል ነበር። እቴ ትንፋሽ እያጠራቸው የሚሞቱትን ሲያዩ አላስችል አላቸውና፣ ማቆም የሚፈልጉትን በየማክሰኞው በልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሰበስቡ ጀመር። የሚፈልግ የለም ሲባል ወንበር አነሰ። ባልደረቦቻቸው ግን፣ «የቀረቻቸው ደስታ ሲጋራ ናት፤ እሷንም ልትቀሚያቸው ነው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እቴ ምሳቸውን ለብቻቸው ይበሉ ነበር።

መጀመሪያ ያቆመው፣ በጆሮው የሚሰማቸው ድምፆች ለዓመታት ያሠቃዩት አንድ ወጣት ሰዓት ሠሪ ነው። እቴ፣ ካገረሸበት መሳቂያ እንሆናለን ብለው፣ ማቆሙን ከሐኪሙ እንኳ ደበቁ። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋ፣ ሲራመድ ይንገዳገድ ጀመር፤ በመጨረሻም ከደረጃ ወድቆ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ነገሩ ሲወጣ ሐኪሙ፣ የሲጋራ ጭስ ያንን መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ እንደሚያስወጣ፣ ጭሱ ሲቀር ግን የቀድሞው መጠን እንደሚበዛ አስረዱ። «ሲስተር፣ ቢነግሩኝ እኮ እቀንስለት ነበር» አሏቸው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ልጁ ራሱ ይቀጥል ካላለ በቀር ስብሰባው እንዲዘጋ ወሰኑ።

እቴ የሚመጣባቸውን ለመቀበል አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። እሱም፣ «እቴ፣ የተሰነጠቀው ግንባሬ ነው፤ ሳንባዬ ደኅና ነው። ማክሰኞ ወንበሬን ለሰው እንዳይሰጡብኝ» አላቸው።

መድኃኒቱ ተቀነሰለት፤ ስብሰባውም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆም ሲነሳ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን እንዲያውቁ ያደርጉ ነበር። ያገረሸበትንም አይቆጡም፤ እንደገና ያስጀምሩታል እንጂ።

በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ በአንዲት የፎቅ ክፍል ብቻቸውን ኖሩ፤ ወደ ስብሰባው ግን በአውቶቡስ መመላለሳቸውን አልተዉም። ዘመድ ሲጠራቸው «ማክሰኞ አይመቸኝም» ይሉ ነበር። በሌላው ቀን የጠራናቸው ግን ጥቂቶች ነን። ከላይ የተነበበውንም አብዛኛውን የሰማነው ሰሞኑን፣ ከሕሙማኑ ነው።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. አርፈዋል። ሲያርፉ እጃቸውን ይዞ የነበረው ዛሬ ጸጉሩ የሸበተው ሰዓት ሠሪ ነው። ከታናሽ ወንድማቸውና ከወንድማቸው ልጆች ጋር ሐዘንተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ሲጋራ የተወውም፣ ዛሬ ጠዋት ያጨሰውም እኩል አልቅሶላቸዋል።

ብዙ ምሽት ብቻቸውን አሳልፈዋልና፣ አምላክ ነፍሳቸውን ሰው ካለበት ያሳርፍልን።