ጦም ያደረው ማሳ

ሐሙስ፣ ኅዳር 10 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ ከኢኮኖሚክሱ መምህር ጋር የኦቦ ገመቹን ማሳ ለማየት ጌዶ ሄድን። አፈሩ እንዲያገግም ለጥናታችን ሳያርሱ እንዲያሳርፉት የለመንናቸው እኛው ነን። ስንደርስ ታጥሯል። ቀበሌው "ጦም ያደረ መሬት ነው" ብሎ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

አፈር የሚያጠና፣ ገበያ የሚያጠና፣ ውሃ የማጠና እኔ፤ ይሄን ሁሉ ምሁር ሰብስበን ለቀበሌው መንገር አንዳችንም ትዝ አላለንም!

ኦቦ ገመቹ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እናንተም የመንግሥት ሰዎች ናችሁ፤ ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችኋል ብዬ ነው" አሉ።

ባልደረባዬ "እናመለክታለን" አላቸው።

ነገ ተማሪዎቼ የጥናቱን ውጤት ይጠይቁኛል። ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ዘግኜ አይቻለሁ። አገግሟል።