ተራራ ላይ ቤት ለገዛው ልጄ የኦክላንዱን አላወርሰውም

ወደ ኑዛዜው ከመግባቴ በፊት ለእናንተ ለአንባቢዎቼ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሹክ ልበላችሁ። ይህን ቃል የምሰጠው ሁለት እጆቼን ነጭ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነው፤ እንዳላክክ። የሚያሳክከኝን ቦታ ሁሉ ግን አልዘረዝርም። ምስክሮቹ አጠገቤ ተቀምጠው እንዳላዩ ሆነዋል፤ እናንተም እንደነሱ ጨዋ ሁኑልኝ።

እነሆ ዛሬ እሑድ ግንቦት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ እኔ ወይዘሮ የወርቅውሃ ደስታ፣ የኦክላንድ ነዋሪ፣ በወርሃዊው መጽሔታችን የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰው ጉዳይ ስጽፍ ያረጀሁ፣ አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን እናዘዛለሁ። ፊቴ ማበጡ እውነት ነው፤ ያበጠው ግን ከቅንድብ በታች ነው። ቃሌን የሚጽፉት አቶ ሰረቀብርሃን ናቸው፤ አዲስ አበባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። እሳቸውና ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘቢባ ምስክሮቼ ናቸው። ሶፋው ላይ የእህቴ ልጅ ብሩክታዊት ተቀምጣለች። በሩን ተደግፎ የቆመው አንድ ልጄ ደግነት ነው። በዚህ ቤት የሚነገረው ሁሉ፣ የሚያቋርጠኝ ሰው ቃል ጭምር፣ ይጻፍ፤ በዓምዴም ላይ ይውጣ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ላውራው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ደግነት ሳን ሆዜ ባለ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ አለቃ ቢጤ ነው። በኮሮናው ጊዜ ድርጅቱ «ከፈለጋችሁበት ሆናችሁ ሥሩ» አላቸው። ይህን የሰማ ሁሉ ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ተራራ ሸሸ። ልጄና ምራቴ ሐኒም በመኪና አራት ሰዓት ግድም የሚያስኬድ ጫካ ውስጥ «ለዊኬንድ» ብለው ሁለተኛ ቤት ገዙ። ሐኒ ቤት አትለውም፤ «ፕሮፐርቲያችን» ነው የምትለው። እንደነሱ ያለው ገዢ ሲበዛ የመንደሩ ኪራይ ሰማይ ነካ። እዚያው ተወልዳ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው ሴት ዛሬ በተጎታች ቤት ታድራለች። ሐኒ ይህን የነገረችኝ «ሰፈሩ እያደገ ነው» ለማለት ነው። ቆይተው «ለምን የሁለት ቤት እንከፍላለን» አሉና የሳን ሆዜውን አፓርታማ ለቀቁ። እሱን በለቀቁ ማግስት ድርጅቱ «በሳምንት አራት ቀን ቢሮ ግቡ» ብሎ አረፈው።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የቤት ምርቃት ጠሩን። ገዝተው ይህን ያህል ዓመት ሳያስመርቁት ኖረው ዛሬ ምን ታያቸው ብዬ ነበር። የንስሐ አባቴ አባም ጠበል ሊረጩ አብረውን መጡ። ምርቃት ነውና ወለሉ ላይ ቄጠማ መጎዝጎዝ አለበት። ደግነት «ቄጠማ ከሱቅ አልገዛም፤ ከገዛ መሬቴ አጭዳለሁ» ብሎ ወጣና ሦስት ሦስት ሆኖ የሚያብረቀርቅ ለምለም ቅጠል ታቅፎ ተመለሰ። ከበሩ እስከ ሳሎኑ ጎዘጎዘው። እኛም በባዶ እግራችን ረገጥነው፤ ሕፃናቱ ተንከባለሉበት፤ እኔ በእጄ እየበተንኩ አሳመርኩት፤ አባም ባረኩት። ለካ የአገሩ ሰው ፖይዝን ኦክ የሚለው፣ ቆዳ የሚመልጥ መርዛም ቁጥቋጦ ኖሯል! በሦስተኛው ቀን ከዘመዶቼ መካከል የማያክክ አልነበረም። አራት ዓመት ባለመሬት ነኝ ሲል የከረመ ሰው ደጁ ላይ የበቀለውን አያውቀውም።

ቅጠሉን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ሌላ ነው። በዚያው ዕለት ሐኒ እጄን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወሰደችኝ። የተነጠፈ አልጋ፣ ከራስጌው የእኔ ፎቶ ተሰቅሏል።

«እማማ፣ ይሄ ክፍል የእርስዎ ነው። አየሩን ይዩልኝ! ኦክላንድ እኮ አሁን ለእርስዎ ሴፍ አይደለም።»

«እኔ እዚህ ስሆን እናንተ የት ልትሆኑ ነው?»

«ያው… የእርስዎ ቤት ለደግነት ቢሮ ይቀርበዋል።»

ለካ የዕቃ መጫኛ መኪና ሳይቀር ለመጪው ቅዳሜ ተከራይተው ኖሯል። የሚጫነው ዕቃ የእኔ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ስለዚህ እናዘዛለሁ።

አንደኛ፤ ስሞት ኦክላንድ ልቀበር። ለአየሩ ተብሎ አስከሬኔ ወደ የትኛውም ተራራ አይወሰድ።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አፕታውን በሚባለው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ እኔም የሰው ልጅ እያሳደግኩ የገዛነው ይህ ቤት ከነጓሮው ለብሩክታዊት ይሁን። ብሩክታዊት በዲቪ መጥታ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ታጥባለች። እስከ ዛሬ «ከፈለግሽበት ሆነሽ ሥሪ» ያላት አለቃ የለም፤ ሰው በላፕቶፕ አይታጠብም። ባለ ላፕቶፖቹ ከተማውን ሲወዱት ኪራዩን አስወደዱና ከነበረችበት አስወጧት፣ እኔ ዘንድ ገባች፤ ጫካ ሲያምራቸው ጥለውት ሄዱ፤ አሁን ወደ ቢሮ ሲጠሩ ደግሞ እኔን አስነሥተው አልጋዬ ላይ ሊተኙ ይመጣሉ። በሄዱበት ሁሉ የሚነሣ ሰው አያጡም። እኔ አልነሣም።

«እማዬ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ፌር!» አለ ልጄ። «አንድ ልጅሽ እኮ ነኝ።»

«ይጻፉት፣ አቶ ሰረቀብርሃን።»

«ወደ አማርኛ ልመልሰው ወይስ እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«ላንቺ ብለን ነው» አለ ደግነት። «ማታ ማታ ብቻሽን፣ ይሄን ደረጃ እየወጣሽ…»

«ብቻዬን አይደለሁም። ብሩክታዊት አለች።»

«እሷ ማታ ሥራ ናት!»

«አንተስ እዚህ ከገባህ በኋላ እዚያ ከማን ጋር ልታስቀምጠኝ ነበር? ከጫካው ድብ ጋር?»

ወይዘሮ ዘቢባ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ብሩክታዊት ግን አልሳቀችም።

«አክስቴ፣ እኔ ሰው አጣልቼ ቤት አልፈልግም።»

«ያጣላሽው ሰው የለም። አርፈሽ ውረሺ።»

ሦስተኛ፤ ለምራቴ ለሐኒ፣ ጭቃ ሳይኖር ለጭቃ ብላ የገዛችልኝን የላስቲክ ቦት ጫማ እመልስላታለሁ። አንድ ጊዜም አላደረግሁትም።

አራተኛ፤ ያለብኝ ዕዳ አንድ ነው። አባ እስከ ዛሬ ጺማቸውን ያክካሉ፤ ቅጠሉን እግራቸው ሥር የበተንኩት እኔ ነኝና ሳልሞት ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብሞት ደግነት ይጠይቅልኝ፤ በአካል ቀርቦ እንጂ በስክሪን አይደለም።

አምስተኛ፤ ወይዘሮ ዘቢባ ከጓሮዬ ሎሚ ሲቀጥፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ዛፉ ከነፍሬው የእሳቸው ይሁን፤ በአጥር ተንጠልጥለው ሳይሆን በበሩ ገብተው ይቅጠፉ።

ስድስተኛ፤ ለደግነት ምንም። ምክር ግን አለኝ። ያን ቤት ለአውቶቡስ ነጂዋ እሷ በምትችለው ሽጥላት። ትከስራለህ። ክሰር።

እዚህ ላይ አቶ ሰረቀብርሃን ብዕራቸውን አነሡ። «እትዬ የወርቅውሃ፣ አንድ እንከን አለ። በዚህ አገር ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ከኑዛዜው አንዳች ነገር የሚደርሰው ሰው ከፈረመ ነገ ጣጣ ነው። ወይዘሮ ዘቢባ ደግሞ ሎሚ ወርሰዋል።»

«ታዲያ ሎሚውን ላስቀረው?»

«በአላህ ይሁንብዎ!» አሉ ወይዘሮ ዘቢባ። «ፊርማው ይቅርብኝ።»

ክፍሉን ቃኘሁት። ብሩክታዊት ወራሽ ናት። ዘቢባ በሎሚያቸው ጸኑ። በዚህ ቤት ውስጥ ከአቶ ሰረቀብርሃን ሌላ ከእኔ ምንም የማይደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞርን።

«ምን?» አለ ደግነት።

«ፈርም።»

«ራሴን ከቤቴ የሚያስወጣኝን ወረቀት?»

«አንተ የምትመሰክረው እናትህ አእምሮዋ ሳይታወክ መናገሯን ነው። ታውኬአለሁ?»

እጆቼን ከነካልሲያቸው አየ።

«አልታወክሽም» አለ። «ችግሩም እሱ ነው።»

ከበሩ ተላቆ መጣና ሶፋው ላይ፣ ብሩክታዊት አጠገብ ተቀመጠ። አቶ ሰረቀብርሃን ብዕሩን አቀበሉት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አማርኛ ሲያነብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ «ቢሮ በምገባበት ቀን እዚህ ማደር እችላለሁ?» ሲል ጠየቀ። የጠየቀው እኔን አይደለም፤ ብሩክታዊትን ነው። እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

ተናዛዥ፦ የወርቅውሃ ደስታ፣ ፈርሜአለሁ።

ጸሐፊና አንደኛ ምስክር፦ ሰረቀብርሃን፣ ፈርመዋል።

ሁለተኛ ምስክር፦ ደግነት ታደሰ፣ ብዕሩን ይዟል።

ብሩክታዊት ገና አልመለሰችለትም፤ እሱም ገና አልፈረመም። ቅዳሜ ጠዋት ያ መኪና ደጄ ይቆማል። ማን ምን ጭኖበት እንደሄደ፣ ወይስ ባዶውን እንደተመለሰ ሳላወራላችሁ አልሞትም።