ድስቱን ይዤው ሄጃለሁ

ኮማንደሯ እህቴ፣

የእማዬን ድስት ማድቤት ውስጥ አትፈልጊው። ይዤው ወጥቻለሁ፤ የማታው ሩዝ እንዳረረበት፣ ሳላጥበው።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ትናንት ጠዋት ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? «ወንድሜ፣ ትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ የልጆች በሽታ ነው። አዋቂ ላይ ሲሆን ጠባይ ነው። ለጠባይ መድኃኒት ደግሞ አንከፍልም።» እንኳን ደስ አለሽ! ወንድምሽ ማደጉ በማኅተም ተረጋገጠ።

ዛሬ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ጠባዬ ይኸውልህ፣ አሽትተው» ልለው ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ ደጋግሞ አንብቦ አልገባውም፤ ያረረ ድስት ግን የማይገባው ሰው የለም። ካልፈረመልኝ ከወንበሩ አልነሳም። ዘበኛ ከጠራም ዘበኛውም ያሽትት።

የቧንቧ ሠራተኛው ከመጣ፣ ውሃው የሚፈሰው ከመታጠቢያው ሥር ነው። የቤት ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ ካገኘሽው ምንም አትጠይቂኝ።

ደግሞ ማታ «አንተ እኮ ግድ የለህም» ስትዪኝ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ክኒኑ ስለተወደደ፣ ወር እንዲያደርሰኝ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው። ትናንት የዝላዩ ቀን ነበር። ብነግርሽ የስፌት ኮርስሽን አቋርጠሽ እንደምትከፍዪልኝ አውቃለሁ። የኮርሱን ብር እንዳትነኪ፣ ተናግሬያለሁ!

ዛሬ ግን ውጫለሁ። ጦርነት በባዶ ጭንቅላት አይወጣም።

ለምሳሽ ትንሿን ድስት ተጠቀሚ።

አዋቂው ወንድምሽ

ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ ተመልሼም አይቼዋለሁ።