ቀይዋ ሞተር አትመጣም

ከግራንሾን፣ መጋቢት መጨረሻ

ይድረስ ለልጆቼ አባት፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ትልቋ ልጃችን ደውላ ደረጃ መውጣት እንደከበደህ፣ ሐኪሙም ተንቀሳቀስ እንዳለህ ነግራኛለች። ሐኪም የሚልህን እንደማትሰማ ስለማውቅ ይህንንም የምታነበው ሶፋው ላይ ተዘርግተህ ይሆናል። አብራህ ያለችውስ ደኅና ናት? ሰላም በልልኝ፤ ከልቤ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ግራ ጎኔ ጠቁሯል፣ ከንፈሬ በንፋስ ተሰነጣጥቋል፣ መጥረጊያ ለማንሳት እንኳ ወገቤን ይዤ ነው የማጎነብሰው፤ ግን እመነኝ፣ እንደ ዘንድሮ ደኅና ሆኜ አላውቅም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለፋሲካ ዮኤል ቀይዋን ሞተር በመኪናው ጭኖ እንዲያመጣልህ መስማማታችሁን፣ አንተም አዲሱ ቤትህ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ልታቆማት እንዳሰብክ ጽፈሃል። ዮኤል የእህትህ ልጅ ነውና እሺ ማለቱ አልገረመኝም። የገረመኝ «መቼም ለአንቺ ምንም አታደርግልሽም» ያልከው ነው። በአጭሩ «አትመጣም» ብዬ ፖስት ካርድ ልልክልህ ነበር። ግን እህትህ ስቬያ ሳትደውልልህ እንደማትቀር፣ ነገሩንም እሷ በሚመቻት መንገድ እንደምትተርክልህ ስለማውቅ ከኔው ብትሰማው ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚህ ቤት የወጣህ ቀን በረንዳው ላይ ያልከውን ታስታውሳለህ? ስቬያ ነበረች። ጎረቤታችን ሂልዲንግም የተዋሰውን መሰርሰሪያ ሊመልስ መጥቶ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። «ይቺን ሞተርስ ምን ላድርጋት?» ብዬ ብጠይቅህ ሳቅክና «ሐይቁን አንድ ዙር ሳትወድቂ ከዞርሽባት ያንቺው ትሁን» አልከኝ። ስቬያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም አብሬያችሁ ሳቅኩ፤ ለምዶብኛል፣ ምን ላድርግ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ክረምት መጥቶ ሐይቁ በረዶ በሠራ ቁጥር ዳር ቆሜ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ በሞተር የምትዞረውን ዙር ስቆጥርልህ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ቀን «እስቲ ልሞክራት» ብልህ «በረዶው ለሚስቶች አይሆንም» ብለህ ሄልሜትህን አጠለቅክ። ሌሎቹም ሳቁ፣ ያኔም አብሬ ሳቅኩ። የበረንዳው ሳቅ ግን አልለቀቀኝም። አናደደኝ። አንተ አይደለህም ያናደድከኝ፤ የራሴ ሳቅ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሐይቁ ግግር በረዶ ሲሠራ ሂልዲንግ ዘንድ ሄድኩ። ሂልዲንግን ታውቀዋለህ፤ እሱ በዓመት ከሚናገረው ውሻው በአንድ ጠዋት የምትጮኸው ይበልጣል። የሞተር ክለቡን ጀማሪዎች እስካሁንም የሚያሠለጥነው እሱ ነው። «አስተምረኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝና አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» አለ። ደቡብ ሄደህ የአገርህን ወግ ካልረሳኸው በቀር፣ አዎ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሞተሯን አላስነካኝም። መሰርሰሪያውን ሰጥቶ በረዶውን አስበሳኝ። ጥቁሩና ጥርት ያለው ጠንካራ እንደሆነ፣ ከላይ አዲስ በረዶ ጥሎበት እንደ ብርድ ልብስ የሸፈነው ግን ከሥር ልፍስፍስ ሊሆን እንደሚችል አሳየኝ። «የማታውቂውን በረዶ አትመኚው» አለኝ። ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። በማግሥቱ ደግሞ መውደቅ አስተማረኝ። እጅሽን አትዘርጊ፣ ተሰብሰቢ፣ ሞተሯን ተያት ትሂድ፣ አንቺም በፊናሽ ተንሸራተቺ። ያንተን የቆዳ ልብስ ወገቡን አስጠብቤ ለብሼው ስለነበር በሆዴም በጀርባዬም እየተንሸራተትኩ የግራንሾንን ሐይቅ ጠረግኩት። ስቬያ ሐይቁ ዳር ካለችው ቋሊማ መሸጫዋ ሆና «ሐይቁን ለማጽዳት ማዘጋጃ ቤቱ ቀጥሯት ነው እንዴ?» እያለች ለመጣ ለሄደው ታወራ ነበር።

ከዚያ ሞተሯ ላይ ወጣሁ። ጎማዎቿ ላይ ያሉትን የብረት ጥርሶች፣ እነዚያን አንተ ያጣመምካቸውን፣ ሂልዲንግ አንድ በአንድ ነቅሎ በአዲስ ተክቶልኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው የሠራው። ጠረጴዛው ተጫጫረ፤ አልተቆጣሁትም። ካንዴላዋንም ለወጠ፣ ካቴናዋን ቀባ። ሞተሯን ከእጄ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ፣ ስወድቅ ነቅሎ እንዲያጠፋት፣ አንጓዬ ላይ ራሱ ያስርልኛል። መታጠፊያ ላይ በረዶውን የሚነካው ግራ ጉልበቴ ላይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያስርልኛል። የበረዶ ውድድር ሞተር ናትና ፍሬን እንደሌላት ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እግሬ ግን አላወቀምና ፍሬን ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ከረመ።

ችግሬ መታጠፊያው ነበር። ቀጥ ባለው ላይ ማንም ይነዳል። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግን እጄ በራሱ ፈቃድ ነዳጁን ይቀንሳል። ነዳጅ ሲቀንስ የኋላው ጎማ መንከሱን ይተዋል፤ መንከሱን ከተወ እኔ ሰማይ እያየሁ ነኝ። እንዲህ እየሆንኩ ጥር አለቀ። አንድ ቀን ወድቄ በተኛሁበት ሂልዲንግ መጥቶ ከላዬ ቆመና «ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው?» አለኝ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት። «መታጠፊያው ጋ ስትደርሺ እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው ነው የምትሆኚው። በረዶው ይቅርታሽን አይፈልግም። ተኚበትና ነዳጅ ስጪ፤ ጥርሶቹ የሚይዙት ስትሰጪ እንጂ ስትለማመጪ አይደለም።» ብሎኝ ሄደ። እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያቺ ንግግር ቤት ድረስ ተከተለችኝ። ድንች ስልጥ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ማንን ነው እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ። አንተን ነበር። ስቬያን ነበር። ዳር ቆመው የሚስቁትን ሁሉ ነበር። ስላስቸገርኳችሁ፣ መንገድ ስለያዝኩ፣ ስለኖርኩ። ደሜ ፈላ፤ ሳህንም ሰበርኩ።

በማግሥቱ ሄድኩና ነዳጁን አልቀነስኩም። ሞተሯን ወደ ግራ አስተኛኋት፣ መሪዋ በረዶውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ እጀታውን ጠመዘዝኩት። ጥርሶቹ ነከሱ። ጉልበቴ ላይ ያለው የጎማ ቁራጭ በረዶውን ሲፍቀው ሰማሁት፤ ያን ድምፅ ዕድሜ ልኬን ከሩቅ ነበር የማውቀው። ጮህኩ። አንተስ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን ለምን አልነገርከኝም? ዳር ስደርስ እያለቀስኩ ነበር፤ ሂልዲንግ መሐረቡን ሰጥቶኝ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረልኝ። ስቬያ ግን መች ትለቃለች፤ «በዚህ ዕድሜሽ ዳሌሽን ሰብረሽ ማን ሊያስታምምሽ ነው?» አለችኝ። ሂልዲንግ ቋሊማውን እያኘከ «ሰው አይጠፋም» አላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያንተ ደብዳቤ መጣ። ዮኤልም ወዲያው ሞተሯ መኪናው ውስጥ ትገባ እንደሆነ ሊለካ፣ የሚያስራትንም ገመድ ይዞ ከተፍ አለ። አንተ በረንዳው ላይ ያልከውን አስታወስኩት። እናቱ አስተምራዋለች መሰለኝ፣ «ልምምድማ አይቆጠርም፣ አክስቴ። እሑድ የክለቡ የመጨረሻ ውድድር ነው፤ ሰው ፊት ዙሪያት። ካልወደቅሽ እኔም አልጭናትም። ከወደቅሽ ግን ሳልውል ሳላድር ነው የምወስዳት፤ ደግሞ እኔም እዚያው እወዳደራለሁ፣ ከፊትሽ ሆኜ አይሻለሁ» ብሎ ሳቀ። የዚያን ጊዜ አልሳቅኩም። «ገመድህን ይዘህ ና» አልኩት። እሑድ ካለፈ ደግሞ ሌላ ዕድል አልነበረኝም፤ ፀሐዩ እየበረታ፣ በረዶው ዳር ዳሩ ላይ ውሃ መያዝ ጀምሮ ነበር።

እሑድ ጠዋት ስንነሳ በረዶ ጥሏል። ሂልዲንግ ደጁን ጠርጎ እስኪጨርስ የአጃው ገንፎ ቀዘቀዘና ሁለታችንም ሳንበላ ወጣን። ጓንቶቼን ምድጃው ላይ አሙቆ በኮቱ ብብት ይዞልኝ ነበር።

መነሻው መስመር ላይ አምስት ነበርን፤ ከኔ በቀር ሁሉም ወንዶች። ባንዲራ ያዡ በየተራ እየዞረ «ዝግጁ?» ይላል። አንዱ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጋ ሲደርስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩት! ሄልሜት ውስጥ፣ መስታወቱ ተዘግቶ፣ አምስት ሞተር እያገሳ! ሰውየው ፍዝዝ ብዬ ስላየሁት ያልተዘጋጀሁ መስሎት ወደ ዳር ውጪ የሚል ምልክት ሰጠኝ። እኔ ደግሞ እሺ ያለኝ መስሎኝ ቁጭ። ባንዲራው ወረደ፣ እነዮኤል ተተኮሱ። ከበረዶው ፍንጣሪ በቀር ያገኘሁት የለም። ሰው ሁሉ አውካካ። ስቬያ «ሞተሯ ጠፋባት!» ስትል ሰማሁ።

አልጠፋችም። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት።

ብቻዬን ነበርኩ፤ ይህም ጠቀመኝ። የሚያጣድፈኝም፣ ይቅርታ የምጠይቀውም የለም። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ተኝቼ ገባሁ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ወጣሁ። ከሸንበቆው ወዲህ ያለችውን፣ አንተ ትከሻህን የሰበርክባትን ጎርባጣ፣ መሪው እየዘለለብኝ ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። አንዱን ዙር ስጨርስ ሂልዲንግ ዳር ቆሞ፣ ባርኔጣው ወድቆ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ አየሁት። ያ ሰው ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኸ። ሞተሯ ያን ጊዜውኑ የኔ ሆናለች፤ ማቆም እችል ነበር። ግን ሦስት ዙር ቀርቶ ነበር፤ እኔም ገና መብላት መጀመሬ ነው።

ሁለቱ እርስ በርስ ተጠላልፈው ወደቁ፤ ደኅና ናቸው፤ ሳቅ በሳቅ ሆነው ነው የተነሱት። ከፊቴ የቀሩት ከማዶ መንደር የመጣው ልጅና ዮኤል ነበሩ። የመጨረሻው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ዮኤል ዞር ብሎ አየኝ። ዞር ሲል እጁ ቀነሰ፤ ድምፁ ሲወርድ ጆሮዬ ለቀም አደረገው። አልቀነስኩም። በውስጥ በኩል ገብቼ አለፍኩት። የጎማዬን ጥርሶች ፍንጣሪ ደረቱ ላይ አራግፌ አለፍኩት! ሁለተኛ ወጣሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዮኤል፣ ልሸሽግህ አልችልም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሄልሜቱን አውልቆ መጣና «አጎቴን ምን ልበለው?» አለኝ። ያየኸውን ንገረው አልኩት። ገመዱን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው። ስቬያ ደግሞ ሰናፍጭ የበዛበት ቋሊማ ይዛልኝ መጣች። ሰው እንዳይሰማት ግራ ቀኝ ገላመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሂልዲንግ ከርሞ ጀማሪ ይቀበላል?» አለችኝ። ይህን በስልክ እንደማትነግርህ አውቃለሁ።

እንግዲህ ይኸው ነው። በነገሩ እንዳትከፋ። ለፋሲካ ባዶ እጃችሁን ቢሆንም ኑ፤ ልጆቹም ይመጣሉ። ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል አነጥፍላችኋለሁ፤ የታችኛው ተይዟል። አብራህ ያለችው ከውሻ ጋር የማትስማማ ከሆነ አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ የሂልዲንግ ውሻ አሁን ምድጃችን ሥር መተኛት ለምዳለች፣ ከዚያ የሚያስነሳት የለም። ለሳሎንህ ሌላ ጌጥ ፈልግ።

ጉልበትህን ፈጣሪ ያጽናልህ። የደቡቡ ዝናብ አያሰልችህ፤ ቤትህ ሙቀትና ሳቅ አይጣ፣ ልጆቻችንን ደግሞ ለሁለታችንም ያቆይልን።

የድሮ ባለቤትህ፣
የቀይዋ ሞተር ባለቤት